ቦትል ብራሽን በጣሳ ማሳደግ

ዛሬ የምጽፈው ሁላችሁም ስለምታውቁት ዛፍ ነው። በየመንገዱ ዳርና በየግቢው ቀይ አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ መስሎ የሚታየው ቦትል ብራሽ ነው። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን የባህር ዛፍ ዘመድ ነው። ዘይቱናና ቅርንፉድም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፣ እኔ ሳነበው ገርሞኛል። ቀዩ ነገር ደግሞ የአበባ ቅጠል አይደለም፤ የአበባውን ዱቄት የሚሸከሙት ክሮች ናቸው።

ይህን ዛፍ በጣሳ ውስጥ አሳጥሮ ማሳደግ ይቻላል። እንዲህ ያለው ዛፍ ቦንሳይ ይባላል። ቃሉ የጃፓን ነው፣ በሳህን የተተከለ እንደ ማለት ነው። ጥበቡ ግን መጀመሪያ ከቻይና ነው የመጣው። ብዙ ሰው ቦንሳይ ድንክ ዘር ወይም በረሃብ የቀጨጨ ዛፍ ይመስለዋል። አይደለም። ሥሩና ቅርንጫፉ በልክ ስለሚቆረጥ ነው የሚያጥረው። መሬት ላይ ቢተክሉት እንደ ማንኛውም ቦትል ብራሽ ያድጋል።

እኔ ይህን የጀመርኩት ቤታችን ኪራይ ስለሆነ ነው። ባለፈው ቤት ስንለቅ እማዬ የተከለችው ጽጌረዳ እዛው ቀረ። ጣሳ ግን ጋሪ ላይ ይጫናል።

የመጀመሪያው ችግኝ ሞተብኝ። የካቲት ላይ ከነላስቲኩ ገዛሁና የሥሩን ግማሽ ቆርጬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። የባህር ዛፍ ዘመድ ስለሆነ ውሃ አይፈልግም ብዬ በሦስት ቀን አንዴ ነበር የማጠጣው። በሳምንቱ ቅጠሉ ሲነኩት የሚፈረፈር ሆነ። በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ቅጠል ውሃ ያተናል፣ ሥር ይተካል። ሥሩ ግማሽ ሆኖ ቅጠሉ ሙሉ ከሆነ፣ ያውም በበጋ ፀሐይ፣ ከየት ይተካ? ደግሞ ቦትል ብራሽ በአገሩ ብዙውን ጊዜ ወንዝ ዳር ነው የሚበቅለው። መሬት ላይ ያለ ዛፍ ሥሩን ልኮ ውሃ ይፈልጋል፣ የጣሳው ግን የት ይሄዳል?

ሁለተኛውን ሰኔ ላይ ደመና ሲሆን ተከልኩ። ከሥሩ ሲሦውን ብቻ ቆረጥኩ፣ ከቅርንጫፉም በዚያው ልክ ቀነስኩ። ጣሳው ሥር በምስማር አምስት ቦታ በሳሁት። እዚህ አቃቂ አፈራችን ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ብቻውን ጣሳ ውስጥ ከገባ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ ቀላቀልኩ። ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ከቆየ በኋላ ወደ ፀሐይ አወጣሁት።

ውሃ መቼ እንደሚጠጣ ጣት ይናገራል። እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱት፣ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። በበጋ በየቀኑ ሊሆን ይችላል። ቧንቧ በማይመጣበት ቀን እኔ ጎመን የታጠበበትን ውሃ እጠቀማለሁ፤ የሳሙና ውሃ ግን አይሆንም።

የሚከብደው መቀሱ ነው። አበባው የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። ሳያብብ ጫፉን ከቆረጣችሁ አበባውን አብራችሁ ጣላችሁት። አብቦ ሲረግፍ ወዲያው፣ ከደረቀው አበባ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። ያኔ በአንዱ ምትክ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ይወጣል። ካልቆረጣችሁት በአበባው መሀል አልፎ ይረዝማል፤ እንጨቱ ላይ የተደረደሩት ጠንካራ ክብ ፍሬዎች የድሮ አበባ ምልክት ናቸው። ቅርንጫፍ ማጣመም ለሚፈልግ ገና ለጋ እያለ በሲባጎ ወደታች ማሰር ነው። ሲጠነክር ቀጭ ይላል።

ዛፉ ሲያጥር አበባው አብሮ አያንስም። ስለዚህ በጣም ትንሽ አድርጎ ማሳደግ አያምርም፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው።

የኔው ገና አላበበም፣ ግን አራት ቅርንጫፍ አለው። ከዘር ይልቅ ከቅርንጫፍ ቁራጭ የሚበቅለው ቶሎ ያብባል። ሰኔ ላይ ቁራጭ የምትፈልጉ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ኑ። ጣሳ ከየቤታችሁ፣ በስታችሁ!