ሕጉን ያወጣው ጥይት አይደለም

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አሜሪካኖች የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲሰጥ የደነገጉት ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ስለተገደለ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዛውንቱ፦ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል! ለነፍሰ ገዳይ የማይገባውን ክብር መስጠት እኮ ነው። ቻርልስ ጊቶ የፓሪስ ቆንስል ካልሆንኩ ብሎ የተነሳ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1881 ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተኮሰ፤ ጋርፊልድ ሴፕቴምበር ላይ አረፈ። ሕጉስ መቼ ጸደቀ? በጃንዋሪ 1883! ሐዘኑ ያን ያህል አንገብግቧቸው ከነበረ ምን አስቆያቸው?

ወጣቱ፦ ምን አስቆያቸው?

አዛውንቱ፦ ጥቅም ነዋ! ከፕሬዚዳንት ጃክሰን ዘመን ጀምሮ ያሸነፈው ፓርቲ ከፖስታ ቤት ሹም እስከ ጉምሩክ ጸሐፊ የራሱን ሰው ይሾም ነበር፤ ተሿሚውም ከደመወዙ ለፓርቲው ይከፍል ነበር። ጋርፊልድ ከተቀበረ በኋላ እንኳ፣ በ1882 የምርጫ ዘመቻ፣ የሪፐብሊካኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጄይ ሃበል ለመንግሥት ሠራተኞች ደብዳቤ በተነ፤ ከዓመት ደመወዛችሁ ከመቶ ሁለት አዋጡ የሚል። መዋጮው በፈቃድ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። እስቲ በዓመት 1,000 ዶላር የሚያገኝ ጸሐፊን አስብ። ቤተሰቡን የሚያበላበት ነው፤ 20 ዶላሩን ግን ይልካል፤ የሾመውም የሚሽረውም ያው ፓርቲ ነዋ። ድሃ ጸሐፊ እንዲህ ሲበዘበዝ የጋርፊልድ ደም ማንንም አላስቆመም።

ያስቆማቸው ሽንፈት ነው። ኖቬምበር 1882 ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን አጡ። ቀጥሎ ፕሬዚዳንትነቱ ከእጃቸው ቢወጣ፣ ዴሞክራቶች የሪፐብሊካኖችን ሰዎች ከየቢሮው ጠራርገው ሊያባርሩ ነው። ሹመት በፈተና ይሁን፣ በፖለቲካ ማባረርም ይከልከል ከተባለ ግን የተቀመጠው እንደተቀመጠ ይቀራል። ስለዚህ የኦሃዮው ዴሞክራት ሴናተር ጆርጅ ፔንድልተን አቅርቦት የተኛውን ረቂቅ አንስተው፣ አዲሱ ምክር ቤት ሳይገባ አጸደቁት።

ወጣቱ፦ ሕጉን የፈረመው፣ ጋርፊልድን የተካው ፕሬዚዳንት አርተርስ ራሱ ከሹመት አዳዮቹ ወገን አልነበረም?

አዛውንቱ፦ ነበር እንጂ! የኒውዮርክ ጉምሩክ ሹም ሳለ ፕሬዚዳንት ሄይስ በ1878 ያነሳው እሱን ነው። ቢሆንም ፈርሟል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ሕጉ መጀመሪያ ላይ የነካው ከፌዴራሉ ሥራ አንድ አሥረኛውን ገደማ ብቻ ነበር።

ወጣቱ፦ ከሠራተኛው መዋጮ መጠየቁ በሕጉ ከተከለከለ ወዲያ ፓርቲዎቹ ገንዘብ ከየት አገኙ?

አዛውንቱ፦ ከባለጸጋው ነዋ። በመካከል ያለው ብዙ ነው፣ ይለፈን። በ1896 የዘመቻው መሪ ማርክ ሃና ለማኪንሌይ የፕሬዚዳንትነት ዘመቻ ባንኮችን ከካፒታላቸው ከመቶ ሩብ ጠየቃቸው። ባንክ ሲከፍል ደግሞ የሚጠይቀው ከጸሐፊ ወንበር ይበልጣል። ሆኖም ጸሐፊውን ከዚያ ደብዳቤ ያዳነው ፔንድልተን ነው፣ ምስጋናው ለእሱ ይገባል። ያገኘው ግን ምስጋና አይደለም፤ ሹመት ሲጠብቁ የኖሩት የገዛ ፓርቲው ሰዎች ቂም ያዙበት፣ በ1884ም የኦሃዮ ዴሞክራቶች የሴናተርነቱን መንበር ለሄንሪ ፔይን ሰጡበት።