ምእመን ወደ ዘፈን አዳራሽ ቢሄድ

በነቀምቴና በቀሩት የወለጋ ከተሞች፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ በነጆም ሆነ በሻምቡ፣ የንስሐ አባቶች ከወጣቶች ልጆቻቸው ደጋግመው የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዘፋኝ ከነባንዱ ወደ ከተማ በመጣ ጊዜ ቲኬት ገዝቶ መግባት ኃጢአት ነውን? የሚል ነው። ለዚህ «አትሂድ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ያልተማረ ልጅ ትእዛዙን የሚጠብቀው መምህሩ በፊቱ እስከ ቆመ ድረስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ እንናገር። ሰባክያን ዘፈንን ሲነቅፉ ሐዋርያው በሮሜ 13፥13 እና በገላትያ 5፥21 የጻፈውን ይጠቅሳሉ፤ መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ስፍራ በአማርኛው «ዘፈን»፣ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጐመው የጽርእ ቃል ኮሞስ የሚባለው ነው፤ ይህም ከመጠጥ በኋላ በሌሊት እየጮኹ መዞርን፣ ልቅ ፈንጠዝያን ያመለክታል። ሐዋርያው በሁለቱም ስፍራ ከስካር ጎን ያቆመው ስለዚህ ነው። በግእዝ ደግሞ ዘፈነ የሚለው ግስ ይልቁንም መጨፈርን፣ በእግር መዝለልን ይናገራል። በዚያው በአማርኛው መጽሐፍ ዳዊት በታቦቱ ፊት እንደ ዘፈነ (2ሳሙ. 6፥14)፣ የጠፋው ልጅ በተመለሰም ጊዜ ታላቅ ወንድሙ የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ እንደ ሰማ (ሉቃ. 15፥25) ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ቃል ለሁለት ነገር መዋሉን ያላስተዋለ ሰባኪ ሳያስበው ዳዊትን ከሰካራሞች ጋር ይወቅሳል።

አዝማሪ የሚለው ስምም ቢሆን ዘመረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መዝሙርና መዘምር ከወጡበት ማለት ነው። እኛ በቅኔ ቤት የደከምንበት ሰምና ወርቅም ከመሰንቆ መቺው አፍ የራቀ አይደለም። ታዲያ ይህን ሰው አባቶቻችን በምሳ ግብዣቸው እየሰሙት በሰፈራቸው ግን ይንቁት እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ንቀቱን ከሃይማኖት ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው እንላለን።

ነገር ግን ዜማ ቀላል ነገር አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በካህኑ እግር ላይ ቢተክለው ሁለቱም እስኪፈጽም ድረስ እንዳልተሰማቸው ገድሉ ይተርካል። ይህን የምናስበው ለያሬድ ክብር ብቻ አይደለም፤ ዜማ ሰውን ከራሱ ሊያወጣው እንደሚችልም ያስረዳናልና። ከራሱ የወጣ ሰው ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ይገባል። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተመሰጠው ወደ ምስጋና ሄደ። በዝሙት ግጥም፣ በመጠጥ ብርጭቆና በጨለማ መካከል የተመሰጠውስ?

ዮሐንስ አፈ ወርቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ399 በቁስጥንጥንያ በገሠጸ ጊዜ ሕዝቡ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድድም፣ በማግሥቱም ወደ ቴአትር በመሄዱ አዝኖ ነበር። የወለጋም ፈተና በአብዛኛው የቀን ፈተና ነው። የቡና ለቀማና ሽያጭ ወራት ኅዳር 15 ቀን ከሚገባው ከጾመ ነቢያት ጋር ይገናኛሉ፤ በገበሬውና በነጋዴው እጅ ገንዘብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ዘፈን አዘጋጁም ገንዘቡ ያለበትን ወቅት ያውቃል። የበዓል ዋዜማም እንዲሁ ነው። ማሕሌት በሚቆምበት ሌሊት በድምፅ ማጉያ ሲጨፍር ያደረ ልጅ ለቅዳሴ እንዴት ይነሣል?

የዘፈን አዳራሽ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቷል፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል። በወለጋ ግን የበለጠ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ መታወክ ብዙ የተጨነቀ ሕዝብ፣ ያለ ፍርሃት በአንድነት ተሰብስቦ መደሰትን ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ደግሞም ልጁ እናቱ ያሳደገችበትን ኦሮምኛ በአዳራሹ በግጥምና በዜማ ተውቦ ይሰማል። በደብሩ ግን በዚያ ቋንቋ ስብከትና መዝሙር ካልሰማ፣ ልቡ ወዴት እንዲያዘነብል እንጠብቃለን? በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችንን ያስጨነቀው ፈተናም በቋንቋ የማገልገልን ጥያቄ እንደ ነካ አይዘነጋም።

ስለ ካህናት ነገሩ የተቈረጠ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበው የሎዶቅያ ሲኖዶስ በ54ኛው ቀኖናው ካህናት በሠርግም ቢሆን ተጫዋቾች ከመግባታቸው በፊት ተነሥተው እንዲሄዱ አዝዟል፤ ከዚህ የሚያመልጥ ቄስ የለም። ለምእመን ግን የንስሐ አባት አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ቀኑ ጾም ነው ወይስ ዋዜማ? ግጥሙ ምን ይላል? መጠጥ ይሸጣልን? ከማን ጋር ትሄዳለህ፣ በስንት ሰዓትስ ትመለሳለህ? በጾም፣ በዋዜማና በመጠጥ ቤት ይከልክል፤ አገርን፣ እናትን፣ የገበሬን ድካም የሚያወሳውን ጨዋ ዜማ በቀን ብርሃን ከወንድሞቹ ጋር ሰምቶ የተመለሰውን ልጅ ግን በቀኖና አያስጨንቀው። ዘፋኙም ራሱ ለንስሐ ሲመጣ፣ ክራሩን ስበር ከማለት በፊት ስለ ግጥሙና ስለ ሌሊቱ ሥራው ይመርምረው። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም የዋዜማ መርሐ ግብራቸውን አዳራሹ ከሚከፈትበት ሰዓት አስቀድመው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ያዘጋጁ።