አማኑኤል ካንት፦ የዕውቀት ወሰንና የሰው ክብር

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ በመጀመሪያ ሐሳቡን ለመረዳት፣ በሁለተኛ ደግሞ ዐረፍተ ነገሮቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደተያያዙ ለማስተዋል። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

አማኑኤል ካንት በ1724 በምሥራቅ ፕሩሲያ በኬኒግስበርግ ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊኒንግራድ ተብላለች፤ ዛሬ የሩሲያ ግዛት ናት። አባቱ ለፈረስ የሚሆን የቆዳ ዕቃ እየሠራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። ቤተሰቡ ሀብት ባይኖረውም ጸሎትንና ሥራን አጥብቆ የሚያከብር ነበር። ካንት በ16 ዓመቱ የትውልድ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያም በሰው ቤት ተቀጥሮ ልጆች ሲያስተምር ቆይቶ በ1755 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ ፕሮፌሰር ሆኖ የተሾመው ግን በ1770 ነው። ሚስት አላገባም፤ ከአገሩም ርቆ አልተጓዘም። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይንሸራሸር ስለ ነበር ጎረቤቶቹ እርሱን እያዩ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር ይባላል። እግሩ ከከተማው ባይርቅም አእምሮው ግን ሩቅ ተጉዟል።

በካንት ዘመን የተማሩ ሰዎችን ዕረፍት የነሣ ጥያቄ ነበር። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ከዛፍ የሚወድቅ ፍሬም ሆነ በሰማይ የምትዞር ጨረቃ በአንድ ሕግ እንደሚመሩ አስረድቶ ነበር። እንግዲህ ፍጥረት ሁሉ በማይለወጥ ሕግ የሚመራ ከሆነ፣ ከፍጥረት አንዱ የሆነው ሰው ነጻ ፈቃድ አለውን? ነጻ ፈቃድ ከሌለውስ ስለ ክፉ ሥራው እንዴት ይጠየቃል? የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ደግሞ ሳይንስ የቆመበትን መሠረት ነቀነቀው። እሳት ሲነድ፣ ቀጥሎም ውሃ ሲፈላ እናያለን፤ ሁለቱን በግድ የሚያስተሳስረውን ምክንያት ግን በዓይናችን አናየውም፤ የሚያሳምነን ልማድ ነው ሲል ተከራከረ። ካንት ከሐሳብ እንቅልፍ የቀሰቀሰው ሂዩም መሆኑን ራሱ መስክሯል።

ካንት መልሱን ያቀረበው በ1781 «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» በተባለው መጽሐፉ ነው። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ ዕውቀት ከሁለት ነገሮች ይወለዳል። ሕዋሳት ጥሬውን ነገር ያቀብላሉ፤ አእምሮ ደግሞ ቅርጽ ይሰጠዋል። ይህን በምሳሌ እንየው። ሊጥ በምጣድ ላይ ሲፈስ የእንጀራን መልክ ይይዛል። ሊጥ ከሌለ ምጣዱ ባዶውን ይግላል፤ ምጣድ ከሌለም ሊጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። እንዲሁም ጊዜ፣ ቦታ፣ ምክንያትና ውጤት አእምሮ የሚታየውን ዓለም የሚቀበልባቸው ቅርጾች ናቸው። ስለዚህ ሳይንስ በልማድ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሕጎቹ በሚታየውና በሚዳሰሰው ዓለም ሁሉ የጸኑ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው መልስ ለሳይንስ ወሰን አበጀለት። አእምሮ የሚያውቀው ነገሮች ለእርሱ የሚታዩበትን መልክ እንጂ ነገሮቹን በራሳቸው አይደለም። የእግዚአብሔር መኖር፣ የነፍስ ዘላለማዊነትና የሰው ነጻ ፈቃድ በሕዋሳት የሚመረመሩ ስላልሆኑ፣ ማንም በሳይንስ «አሉ» ብሎ ሊያረጋግጥ፣ ወይም «የሉም» ብሎ ሊያስተባብል አይችልም። ካንት በዚህ አሳብ በአንድ በኩል ሃይማኖትን በስሌት እናረጋግጣለን የሚሉትን፣ በሌላ በኩል ሃይማኖትን በሳይንስ እንሽራለን የሚሉትን አስቆመ።

ታዲያ ሰው በሕይወቱ በምን ይመራ? ካንት በ1785ና በ1788 ባወጣቸው መጻሕፍት የግብረ ገብን ሕግ በሰው ኅሊና ውስጥ ፈለገ። አንድ ሥራ ከመሥራትህ በፊት፣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ቢያደርግ ትወዳለህን ብለህ ራስህን ጠይቅ ይላል። እንደማይመልስ እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ የሚበደር ሰው ሥራው ለሁሉ ሕግ ይሁን ሊል አይችልም፤ ምክንያቱም ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ የሚያበድር አይገኝምና። ደግሞም ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ ልንገለገልበት አይገባም፤ ዕቃ ዋጋ አለው፣ ሰው ግን በዋጋ የማይተመን ክብር አለው። እግዚአብሔርንና የነፍስን ዘላለማዊነት ማመንም ከዚህ ከግብረ ገብ የሚመነጭ ተስፋ ነው ብሎ አስተማረ።

ይህ ትምህርት ያለ ፈተና አልታለፈም። ካንት በ1793 ስለ ሃይማኖት መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ የሃይማኖት ፍሬ ነገር ሥርዐተ አምልኮ ሳይሆን መልካም ሕይወት ነው ማለቱ ቤተ መንግሥቱን አስቆጣ። በ1794 ንጉሡ ዳግማዊ ፍሪድሪክ ቪልሄልም የወቀሳ ደብዳቤ አስላከበት። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ያስተማረውን አልካደም፤ ነገር ግን የንጉሡ ታማኝ ዜጋ እንደ መሆኑ ስለ ሃይማኖት በአደባባይ ላይናገር ቃል ገባ። ንጉሡ በ1797 ሲሞት ቃሉ ለዚያ ንጉሥ የተገባ መሆኑን ገልጾ፣ በ1798 ደብዳቤውን ከነመልሱ አሳተመ። ካንት በ1804 ዐረፈ።

የካንት አሳብ ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። የጀርመን ፈላስፎች ሄግልና ሾፐንሀወር ሥራቸውን የጀመሩት እርሱ ካቆመበት ነው። በሌላ በኩል፣ አልበርት አይንሽታይን በ1915 ያቀረበው ጽንሰ ሐሳብ ካንት ስለ ቦታና ጊዜ የጻፈው ሁሉ እንዳለ ሊወሰድ እንደማይችል አሳይቷል። የጀርመን የ1949 ሕገ መንግሥት የሰው ክብር አይደፈርም ብሎ ሲጀምር፣ ብዙ የሕግ ሊቃውንት በዚህ ቃል ውስጥ የካንትን ድምፅ ይሰማሉ።

ነገር ግን ይኸው ሰው በ1764 ባሳተመው መጽሐፍና በሌሎችም ጽሑፎቹ ሰዎችን በቆዳ ቀለማቸው አበላልጦ፣ ጥቁር ሕዝቦችን አዋርዶ ጽፏል። በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም ሲጽፍ ግን አውሮፓውያን በሌሎች አገሮች ላይ የፈጸሙትን ግፍ ነቅፏል። የኋለኛው የፊተኛውን አይሰርዘውም። የሰው ክብር በዋጋ አይተመንም ያለው ሕግ፣ ሕጉን በጻፈው ሰው ላይም ይፈርዳል። ታላቅ ሰውን ማንበብ ማለትም የተናገረውን ሁሉ መቀበል አይደለም፤ በራሱ ሚዛን መመዘን ነው።

ለ. ቃላት

ሕዋሳት፦ የምናይባቸው፣ የምንሰማባቸው፣ የምንዳስስባቸው የአካል ክፍሎች
ሂስ፦ መርምሮ ጠንካራውንና ደካማውን መለየት
ግብረ ገብ፦ መልካምንና ክፉን የሚለይ የአኗኗር ሥርዐት
ማስተባበል፦ የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ማስረዳት

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. የሂዩም ክርክር ለሳይንስ አስጊ የሆነው ለምንድን ነው?
2. በሊጡና በምጣዱ ምሳሌ የሕዋሳትንና የአእምሮን ድርሻ ለይታችሁ አስረዱ።
3. ካንት ለንጉሡ የሰጠው መልስ ካንት ራሱ ባስተማረው ሕግ ሲመዘን ትክክል ነበርን?

መ. ሰዋስው፦ ተቃራኒ ሐሳብን የሚያያይዙ ቃላት

ቀደም ሲል የተባለውን ሐሳብ የሚገታ ወይም የሚቃረን ሐሳብ ሲከተል «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ግን» በሚሉት ቃላት እንጠቀማለን። «ነገር ግን» እና «ይሁን እንጂ» ብዙ ጊዜ በዐረፍተ ነገር መነሻ ይገባሉ፤ «ግን» ከሚያጎላው ቃል ወይም ሐረግ ቀጥሎ ይውላል። ምሳሌ፦ «ዕቃ ዋጋ አለው፣ ሰው ግን በዋጋ የማይተመን ክብር አለው።»

1. እነዚህ ቃላት የገቡባቸውን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጥታችሁ፣ የሚቃረኑት ሐሳቦች የትኞቹ እንደ ሆኑ አመልክቱ።
2. በሦስቱም ቃላት የየራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

መ. ውስጥ የተማራችሁትን በሚከተለው ድርሰት ላይ አውሉት።

ሠ. ድርሰት

«ሰው የጻፈውን ካልኖረበት ጽሑፉ ዋጋ ያጣልን?» በሚል ርእስ በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የምትደግፉትን ሐሳብ፣ በሁለተኛው የተቃራኒ ወገን ሊያቀርብ የሚችለውን ብርቱ ክርክር፣ በሦስተኛው ለዚያ ክርክር የምትሰጡትን መልስ አስፍሩ።