ወደ ጃፓን መቼ ይኬዳል? የገራዶ መንገደኛ ሦስት የቀን መቁጠሪያዎች

ወደ ጃፓን መሄድ ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት ይፈጃል?” ብሎ ነው። ይሁንና ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም “መቼ?” የሚለው ነው። ያው የአውሮፕላን ወንበርና ያው የሆቴል አልጋ በአንዱ ወር አንድ ዋጋ፣ በሌላው ወር ሌላ ዋጋ አላቸው። በመሆኑም ቀኑን መምረጥ የሚችል መንገደኛ ዋጋውንም በከፊል ይመርጣል።

በዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ በገራዶ ምሳሌ እንመለከታለን። እንበልና ከደሴ በስተ ምዕራብ ባለው የገራዶ ሜዳ ጤፍ የሚያመርት አንድ አባወራ፣ በነፃ የትምህርት ዕድል ቶኪዮ የምትማር ልጁን ለ10 ቀን ሊጠይቅ ያስባል። ገንዘቡ የመንግሥት አበል ወይም የድርጅት ወጪ አይደለም፤ ከጎተራ የሚወጣ ነው። ስሌቱ ቢዛባ የሚጎድለው የሚቀጥለው ዓመት የዘርና የማዳበሪያ ገንዘብ ነው። ስለሆነም ይህ አባወራ ሦስት የቀን መቁጠሪያዎችን ማስማማት ይኖርበታል፤ የጃፓንን፣ የቪዛንና የጤፍን።

የጃፓን ዓመት ሲዘረዘር

በጃፓን የጉዞና የአልጋ ዋጋ ጣራ የሚነካባቸው ወቅቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የቼሪ አበባ የሚፈነዳበት ጊዜ ሲሆን፣ በቶኪዮና በኪዮቶ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይውላል። ሁለተኛው “ወርቃማው ሳምንት” የሚባለው ተከታታይ በዓል ነው፤ ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ገደማ ጃፓናውያን ራሳቸው በአገራቸው ውስጥ ስለሚጓዙ ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል። ሦስተኛው ኦቦን የተሰኘው የሙታን መታሰቢያ ሲሆን በነሐሴ 7 እና 10 መካከል ነው። አራተኛው ደግሞ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 20 እስከ 25 ባለው ጊዜ ብዙ ሱቅና መሥሪያ ቤት ይዘጋል።

ከዚህ ሌላ የአየሩ ጠባይ አለ። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የዝናብ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ የወሎ ደገኛ የሚችለው ዓይነት አይደለም፤ በቶኪዮ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። በነሐሴና በመስከረም ታይፉን የሚባለው ማዕበል አውሮፕላን የሚያስቀርበት ጊዜ አለ።

ለዓይን የተመቸው ጥቅምትና ኅዳር ነው። የኢትዮጵያ ታላላቅ እንግዶች የጃፓን ታሪክም በአብዛኛው በዚሁ ወቅት የተጻፈ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ያስገኘውን ጉዞ ያደረጉት በ1924 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ነበር። አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጃፓንን የጎበኙትም በኅዳር 1949 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ወጪያቸውን ከኪሳቸው የሸፈኑ መንገደኞች አልነበሩም። ቅጠሉ በሚቀላበት በኅዳር አጋማሽ ዛሬ የኪዮቶ አልጋ ከአበባው ወቅት ብዙም አይረክስም።

እንግዲህ የሚተርፈው ርካሽ ወቅት ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ቶኪዮ ትበርዳለች፤ ቀን ወደ 10 ዲግሪ፣ ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ነገር ግን ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ከብት አሰማርቶ ላደገ ሰው ወፍራም ካፖርት ከያዘ የሚያስፈራ አይሆንም። አንድ መጠንቀቂያ ግን አለ። የቻይናና የኮሪያ የጨረቃ አዲስ ዓመት በዚሁ ወቅት ስለሚውል፣ በዚያ ሳምንት የእስያ አውሮፕላኖችና ሆቴሎች ይሞላሉ።

የየኑ ዋጋና የብሩ ዋጋ

ጃፓን ውድ አገር ናት የሚለው ስም የመጣው የኑ ጠንካራ በነበረበት ዘመን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ዶላር የሚመነዘረው ከ80 የን ባነሰ ነበር። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ግን አንድ ዶላር ወደ 161 የን ደረሰ፤ ይህም ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያልታየ የየን ውድቀት ነው። በዚያው ዓመት ወደ 37 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ ጎብኚ ወደ ጃፓን መግባቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ታሪክ ተቃራኒ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመሆኑም የየኑ መርከስ ለአሜሪካዊው ጎብኚ ሙሉ ትርፍ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊው መንገደኛ ግን የብሩን መውደቅ በከፊል የሚያካክስ ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የመንገደኛው በጀት በብር ሳይሆን በየንና በዶላር ተሠርቶ በመጨረሻ ወደ ብር መመለስ እንዳለበት ነው።

ወጪውን እናስላ

የአሥር ቀን ወጪን በቁጠባ እንመድብ። በጋራ ማደሪያ አንድ አልጋ በሌሊት 4,000 የን ቢታሰብ፣ ለ9 ሌሊት 36,000 የን ይሆናል። ምግብ በቀን 2,500 የን፣ በድምሩ 25,000 የን። የከተማ ባቡር በቀን 1,000 የን፣ በድምሩ 10,000 የን። ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ በሌሊት አውቶቡስ 12,000 የን። ለመግቢያና ለልዩ ልዩ ወጪ 10,000 የን። ጠቅላላው 93,000 የን ነው።

ይህ ገንዘብ ዶላር በ150 የን ሲመነዘር 620 ዶላር ነው። በ80 የን ቢሆን ኖሮ ከ1,160 ዶላር በላይ ይሆን ነበር። አሁን ደግሞ ይኸው መንገደኛ በአበባው ወቅት ቢሄድና አልጋው እጥፍ፣ ማለትም 8,000 የን ቢሆንበት፣ በአልጋ ብቻ 36,000 የን ወይም 240 ዶላር ይጨምራል። ዶላሩ በ100 ብር እንኳ ቢታሰብ 24,000 ብር መሆኑ ነው።

ስለ ባቡሩ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ለውጭ ጎብኚዎች የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ማለፊያ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ29,650 ወደ 50,000 የን አድጓል። ቶኪዮና ኪዮቶ ደርሶ መልስ በፈጣኑ ባቡር 28,000 የን ገደማ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር ጉዞ ማለፊያው ኪሳራ ነው። “ማለፊያ ግዙ” የሚለው የቀድሞ ምክር ጊዜው አልፎበታል።

የምድር ወጪው ይህ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚበልጠው የአውሮፕላን ትኬቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቶኪዮ የሚበር ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ መንገዱ በኮሪያ ኢንቾን በኩል ነው። አየር መንገዶች የአንዱን አውሮፕላን ወንበሮች በተለያየ የዋጋ ደረጃ ይከፋፍላሉ፤ ርካሾቹ ቀድመው ይሸጣሉ፣ ዘግይቶ የመጣ ውድ የሆኑትን ይገዛል። ስለዚህ በርካሽ ወር መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ መግዛትም ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚነሳ ሰው ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ፣ ቶኪዮ የሚለውን በአንድ ትኬት ቢያስጽፍ ይመረጣል። የአገር ውስጡ በረራ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጠው የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ይሆናል። በመኪና የሚሄድ ግን የደሴና የአዲስ አበባ መንገድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መሆኑንና የጸጥታውን ሁኔታ አስቦ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ።

ቪዛና ትኬት፦ የቱ ይቀድማል?

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለኢትዮጵያውያን የጃፓን ቪዛ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀውም አዲስ አበባ በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ነው። ለአጭር ጉብኝት የሚሰጠው ቪዛ ብዙውን ጊዜ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ለመግባት የሚያገለግል ነው። ስለዚህ ቶሎ ማመልከትም እንደ መዘግየቱ ሁሉ ጉዳት አለው፤ ለጥር ጉዞ በመስከረም የተሰጠ ቪዛ ጊዜው ያልፍበታል።

ከተከለከለስ? የተከለከለ ሰው ለዚያው ዓላማ እንደገና ለማመልከት በመሠረቱ ስድስት ወር መጠበቅ አለበት። በኅዳር የተከለከለ አባወራ ዳግመኛ የሚያመለክተው በግንቦት ነው፤ ያኔ በገራዶ የእርሻ ሥራ ሊጀመር ነው፣ በጃፓንም ዝናቡ ይገባል። በሌላ አነጋገር አንድ የተበላሸ ማመልከቻ አንድ ዓመት ያስቀራል። ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ቀድሞ የገዛ ከሆነማ ኪሳራው ድርብ ነው። ስለዚህ ለማመልከቻው የበረራ ቦታ ማስያዝ እንጂ ትኬት መክፈል አይመከርም።

ማመልከቻውን የሚያጠናክሩት ሰነዶች የታወቁ ናቸው። ከልጅቷ የጥሪ ደብዳቤና የጃፓን መኖሪያ ማስረጃ፣ አባትና ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ የልደት ማስረጃ ከነትርጉሙ፣ የየቀኑ የጉዞ ዝርዝር፣ እንዲሁም የባንክ ሒሳብ መግለጫ ያስፈልጋሉ። ተማሪዋ የራሷ ገቢ አነስተኛ ስለሆነ አባትየው ወጪውን እንደሚችል በራሱ ሒሳብ ማሳየት ይኖርበታል። እዚህ ላይ በማመልከቻው ዋዜማ ከዘመድ ተበድሮ በአንድ ቀን የገባ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል፤ በወራት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የቆየ ሒሳብ ግን ራሱ ምስክር ነው።

የጤፉ ቀን መቁጠሪያ

አሁን ወደ ጎተራው እንመለስ። የገራዶ ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው “ጤፉን ጥር ላይ ሸጬ እሄዳለሁ” ይላል። ይህ በሁለት ምክንያት ያከስራል።

አንደኛ፣ ጥር ሁሉም የሚሸጥበት ጊዜ ስለሆነ የጤፍ ዋጋ በዓመቱ ከሚታየው ዝቅተኛው አጠገብ ነው። ኢኮኖሚስቶች የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚሉት ይህንን ነው፤ በጥር የተሸጠ እያንዳንዱ ኩንታል በክረምት ሊያመጣ ይችል የነበረውን ብልጫ ያስቀራል። በጃፓን ርካሽ አልጋ አገኘሁ ያለ መንገደኛ ትርፉን ደሴ ገበያ ላይ ትቶት ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የጥር ገንዘብ ይዘገያል። ለጥር ጉዞ ማመልከቻው የሚገባው፣ ትኬቱም የሚከፈለው በኅዳር ነው። በኅዳር ግን አዲሱ ጤፍ ገና አውድማ ላይ ነው።

መፍትሔው ያለፈውን ዓመት ጤፍ ከፊሉን ማቆየት ነው። ጤፍ ነቀዝ የማይደፍረው እህል በመሆኑ ለዚህ ይመቻል። ጎተራው በሚሳሳበትና ዋጋው በሚወጣበት በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም በየጊዜው ከፋፍሎ መሸጥ፣ ገንዘቡንም በሸጡበት ሳምንት ባንክ ማስገባት። በዚህ መንገድ ኅዳር ላይ ሒሳቡ የሦስትና የአራት ወር ታሪክ ይኖረዋል። ገንዘቡ በብር ስለሚቀመጥ የምንዛሪ ለውጥ እንደሚነካው አይካድም፤ ስለዚህ ከታሰበው በላይ መጠባበቂያ መያዝ ይገባል። ለመንገደኛ የሚፈቀደውን የውጭ ምንዛሪ መጠንና የሚጠይቀውን ማስረጃ ግን በየጊዜው ስለሚሻሻል ቀደም ብሎ ከባንኩ መጠየቅ ነው።

የ2019 ዓ.ም. መስኮት

ሦስቱን የቀን መቁጠሪያዎች በ2019 ዓ.ም. ላይ ብናስቀምጣቸው ጠባብ ግን ግልጽ መስኮት እናገኛለን። ጥምቀት ጥር 11 ነው። የቻይናውያን የጨረቃ አዲስ ዓመት ጥር 29 ይውላል። ረመዳንም በጨረቃ መታየት ላይ የሚወሰን ሆኖ የካቲት 1 ገደማ ይገባል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዓሉንና ጾሙን ከቤተሰቡ ጋር ሊያሳልፍ፣ ዋጋውም ሳይንርበት ሊመለስ የሚችለው ከጥር 12 እስከ ጥር 26 ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት ለ10 ቀን ጉዞ በቂ ነው።

ከዚህ ወደ ኋላ ስንቆጥር ሥራው እንደሚከተለው ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ጤፉን ከፋፍሎ መሸጥና ማስቀመጥ፤ በመስከረም ፓስፖርቱ በቂ ጊዜ እንዳለው ማየትና ልጅቷ ሰነዶቹን እንድትልክ መንገር፤ በጥቅምት የልደት ማስረጃውን ማውጣትና ማስተርጎም፤ በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንታት ማመልከት፤ ቪዛው እንደተገኘ በዚያው ቀን ትኬቱን መግዛት፤ አልጋውንም ያለ ቅጣት መሰረዝ በሚቻልበት ውል መያዝ። ቪዛው ባይገኝ የአባወራው ኪሳራ የአዲስ አበባ ምልልሱና የሰነዱ ወጪ ብቻ ይሆናል፤ የዘሩና የማዳበሪያው ገንዘብ ባንክ ውስጥ እንዳለ ይቆያል።