የበረዶ ሸርተቴ ፊዚክስ፦ ስኪን እንዴት ፈትነን እንምረጥ?

የበረዶ ሸርተቴ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በቴሌቪዥን ያየነውን የክረምት ኦሎምፒክ ነው። አገራችን በዚህ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 በጣልያን ቱሪን ሲሆን ተወዳዳሪውም ሮቤል ተክለማርያም ነበር። በ2010ም በካናዳ ቫንኩቨር በድጋሚ ተሰልፏል። ሮቤል የተወዳደረው ግን በአገር አቋራጭ ሸርተቴ ነው፤ የዚህ ውድድር ስኪ ቀጭንና ቀላል ከመሆኑም በላይ ተረከዝን ነጻ ይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሌላውን ዘመዱን፣ ማለትም ጫማው ከፊትም ከተረከዝም ታስሮ ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበትን የአልፓይን ስኪ ነው።

ከአልፓይን ስኪዎችም መካከል ትኩረታችን በአንድ ዓይነት ላይ ይሆናል። በአልፕስ ተራሮች ማታ ማታ በከባድ መኪና እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ የሚያድረው የመንሸራተቻ መንገድ ፒስት ይባላል። በፒስቱም ላይ፣ ከፒስቱ ውጪ ባለው ባልተረገጠ ስፍራም እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራው ስኪ ኦል ማውንቴን፣ በእኛ አባባል «የሙሉ ተራራ ስኪ» ይሰኛል። ከዚህ ወገን ሆኖ ወደ ፒስቱ የሚያደላው ስኪ ወገቡ በአብዛኛው ከ75 እስከ 88 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የጽሑፋችን ርእሰ ጉዳይ እርሱ ነው።

አስቀድመን የቃል ስምምነት እናድርግ። በዕለት ንግግራችን በረዶና አመዳይ ይደባለቃሉ። እዚህ ግን «አመዳይ» ስንል ከሰማይ የወረደውን ለስላሳ ብናኝ፣ «በረዶ» ስንል ደግሞ ቀልጦ ዳግመኛ የረጋውን ጠጣር ማለታችን ነው። ልዩነቱ ወደፊት ያስፈልገናል።

ለመሆኑ ስኪን መምረጥ እንደ ሳይንስ ጥያቄ የሚነሳው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ጉልበታችን ነው። በዚህ ስፖርት ከሚደርሱት ከባድ ጉዳቶች መካከል ደጋግሞ የሚታየው በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገኘው የፊተኛው መስቀልኛ ጅማት መበጠስ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለተማሪ ይበልጥ የሚጥም ነው፤ ስኪን መፈተን ማለት መለኪያው መሣሪያ የፈታኙ የገዛ አካል የሆነበት ሙከራ ማካሄድ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ይደክማል፣ ይለምዳል፣ በቀለምና በስምም ይታለላል።

ወገብ ያለው ሳንቃ

ስኪን ከላይ ሆነን ብናየው ከፊቱ ይሰፋል፣ ከመካከሉ ይቀጥናል፣ ከኋላው እንደገና ይሰፋል። የጎኑ ጠርዝ የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው። የዚህን ክብ ሬዲየስ ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጂኦሜትሪ ትምህርቱ ሊያሰላው ይችላል። የፊቱንና የኋላውን ስፋት ደምረን የወገቡን ስፋት እጥፍ እንቀንስለታለን፤ ቀሪውን በ2 እናባዛለን። ከዚያም ከአመዳዩ ጋር የሚገናኘውን የስኪውን ርዝመት በራሱ አባዝተን ለዚህ ውጤት እናካፍላለን።

ለምሳሌ የፊቱ ስፋት 130፣ የወገቡ 84፣ የኋላው 112 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ ይኑረን እንበል፤ የሚገናኘው ርዝመት ደግሞ 1.5 ሜትር ይሁን። 242 ሲቀነስ 168 ይሆናል 74 ሚሊ ሜትር፤ እጥፉ 0.148 ሜትር ነው። 2.25 ለ0.148 ሲካፈል 15.2 ሜትር ይሰጠናል። በስኪው ጀርባ ላይ ታትሞ የምናገኘው የሬዲየስ ቁጥር ይኸው ነው።

የቀድሞዎቹ ስኪዎች ወገባቸው ይህን ያህል አልቀጠነም ነበር። ጎናቸው ወደ ውስጥ የሚጎደጉደው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከሆነና የሚገናኘው ርዝመት 1.8 ሜትር ከሆነ ሬዲየሱ ወደ 58 ሜትር ይደርሳል። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በስሎቬኒያው ኤላን ኩባንያ ዩሪ ፍራንኮና ፓቬል ሽኮፊች የነደፉት ወገበ ቀጭን ስኪ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ረጅሙና ቀጥተኛው ስኪ ከሱቆች ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሬዲየሱ ምን ይነግረናል? ስኪው በጠርዙ ሲቆም ፊቱና ኋላው አመዳዩን ይነካሉ፤ ወገቡ ግን አየር ላይ ይቀራል። የሰውየው ክብደት ወገቡን እስኪነካ ድረስ ይጫነዋል፣ ስኪውም እንደ ቀስት ይጎብጣል። በዚህ ጊዜ ጠርዙ በራሱ መስመር እየሄደ አመዳዩን ይቀርጻል። የመዞሪያው ሬዲየስ ከታተመው ቁጥር ያነሰ ነው፤ ታታሚው ቁጥር በማዘንበያው ዘዌ፣ ማለትም አንግል፣ ኮሳይን ይባዛል። በ60 ዲግሪ ያዘነበለ ስኪ የ15.2 ሜትሩን ግማሽ፣ 7.6 ሜትር ይዞራል።

ዘዌው ደግሞ እንደ ፈቃዳችን የምንመርጠው አይደለም። ሰውየው ሳይወድቅ እንዲዞር ክብደቱና ማዕከል ሸሹ ኃይል ተደምረው በጠርዙ ላይ ማለፍ አለባቸው። ሁለቱን ሁኔታዎች ስናጣምር ውብ የሆነ ውጤት እናገኛለን፤ የማዘንበያው ዘዌ ሳይን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እኩል ያድጋል፣ አካፋዩም የስበት ፍጥንጥነትና የታተመው ሬዲየስ ብዜት ነው። በእኛ ምሳሌ አካፋዩ 9.81 በ15.2 ሲባዛ 149 ነው። በሰከንድ 5 ሜትር ለሚሄድ ሰው ዘዌው 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በ8 ሜትር 25 ዲግሪ፣ በ10 ሜትር 42 ዲግሪ፣ በ12 ሜትር 75 ዲግሪ ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ከ5 ወደ 8 ስንሄድ ጭማሪው 15 ዲግሪ ነበር፣ ከ10 ወደ 12 ግን 33 ዲግሪ ሆነ። ሳይን ከ1 መብለጥ ስለማይችልም በሰከንድ 12.2 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስሌቱ ያበቃል። ከዚያ በላይ ስኪው በንጹሕ መስመር መቅረጹን ትቶ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል።

ይህ ስሌት ለጥ ያለ ሜዳና የማይሰምጥ ገጽ ብሎ የተነሳ ስለሆነ በእውነተኛው ቁልቁለት ላይ ቁጥሮቹ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ትንሽ ሬዲየስ በዝግታ ለሚሄድ ደስ ይላል፣ ለፈጣን ሰው ግን ቶሎ ጥግ ያስይዛል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ለወንዶች ግዙፍ ስላሎም ውድድር የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ሬዲየስ ከ27 ወደ 35 ሜትር በ2012/13 የውድድር ዘመን ከፍ ያደረገው ጉዳትን ለመቀነስ ነበር። በ2017/18 ደግሞ ወደ 30 ሜትር መለሰው።

ስፋት ማን ላይ ይጫናል?

ሻጮች ሰፊ ስኪን «ለሁሉም ይሆናል» እያሉ ሲያቀርቡ እንሰማለን። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ባልተረገጠ አመዳይ ላይ ክብደታችን በሰፊ ገጽ ስለሚከፋፈል ብዙ አንሰምጥም። በጠንካራ ፒስት ላይ ግን ሌላ ሒሳብ ይመጣል።

ሰውየው ከነልብሱና ከነዕቃው 80 ኪሎ ግራም ይሁን። ቆሞ ሳለ 785 ኒውተን ይጫናል። በ42 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር በእግሩ አቅጣጫ የሚጫነው ኃይል ወደ 1056 ኒውተን ያድጋል። ሁሉም በውጪኛው እግር ላይ አረፈ እንበል። ኃይሉን የሚቀበለው ጠርዝ የሚገኘው ከእግሩ መካከለኛ መስመር በወገቡ ስፋት ግማሽ ርቀት ላይ ነው። በ68 ሚሊ ሜትር ወገብ ጠምዛዡ ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ 36 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በ84 ወደ 44፣ በ100 ደግሞ ወደ 53 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ይህ ጠምዛዥ ኃይል ስኪውን ወደ ጠፍጣፋ ሊመልሰው ይታገላል፤ የሚቋቋመውም ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ነው። ለአንድ መዞር ቀላል ሊመስል ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንዞር ግን አስቡት።

ለስላሳ አመዳይ ላይ ይህ ችግር ይለዝባል፤ ጠርዙ ብቻ ሳይሆን የታችኛው ገጽ ጭምር ስለሚደገፍ የኃይሉ ማረፊያ ወደ እግሩ መካከል ይጠጋል። በእኛ አስተያየት ከአሥር ቀኑ ስምንቱን በፒስት የሚያሳልፍ ሰው ከ88 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሄድበት በቂ ምክንያት የለውም።

በጀርባው ያልተጻፈው

ወገብና ሬዲየስ በስኪው ላይ ይታተማሉ። ግትርነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታተምም። ለመጉበጥ ያለው ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ግትርነቱ በ33 በመቶ ይጨምራል። ለመጠምዘዝ ያለው ግትርነት ደግሞ ፊቱ በበረዶ ላይ ሲያዘነብል እንደ ጨርቅ እንዳይላላ የሚያደርገው ነው። የእንጨት እምብርት፣ ፋይበርግላስ፣ አንዳንዴም ቲታናል የሚባል ስስ ብረት ተደራርበው ይህን ይወስናሉ። ቲታናል በስሙ ቲታኒየም ቢመስልም የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ግትርነትን ከመጨመሩም በላይ የስኪውን መንቀጥቀጥ ለማብረድ ይረዳል። በካናዳ የሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የስኪን የመጉበጥና የመጠምዘዝ ግትርነት በርዝመቱ ሁሉ የሚለካ መሣሪያ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ መለኪያ የሌለን ሰዎች ወደ ተራራው መውጣት ይኖርብናል።

ሙከራው

ከአዘጋጆቹ መካከል ሁለታችን ለትምህርት በኦስትሪያ በነበርንበት ጊዜ ከኢንስብሩክ ከተማ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው የሽቱባይ የበረዶ ግግር ወጣን። ከአንድ ሱቅ ሁለት ስኪ ተከራይተን ነበር፤ አንዱ ወገቡ 78፣ ሌላው 96 ሚሊ ሜትር። ጠባቡን ጠዋት፣ ሰፊውን ከቀትር በፊት ሞከርንና «ሰፊው በረዶ አይዝም» ብለን በማስታወሻችን ጻፍን። ማታ ዕቃውን ስንመልስ የሱቁ ባለሙያ የአውራ ጣቱን ጥፍር በሰፊው ስኪ ጠርዝ ላይ አሻገረ። የተሳለ ጠርዝ ከጥፍር ላይ ስስ ዱቄት ይፍቃል፤ ይኼኛው ምንም አልፋቀም። ቀኑን ሙሉ የፈተንነው ስኪውን ሳይሆን ሞረዱን ኖሯል!

በማግሥቱ በሥርዓት ጀመርን። ሁለቱም ጠርዞች በአንድ ዘዌ ተሳሉ፤ በጎን በኩል የተለመደው ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰም ተቀቡ። ቦውደንና ሂውዝ እ.ኤ.አ. በ1939 እንዳሳዩት ስኪ የሚንሸራተተው ሰበቃ በሚያቀልጠው ስስ የውኃ ሽፋን ላይ ስለሆነ የሰም ልዩነት የስኪ ልዩነት መስሎ ያታልላል። የጫማ ማሰሪያው የመፈታት ልክ በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታ ይወሰናል፤ ይህን ለባለሙያው ተውነው። እርሱን በራስ እጅ አጥብቆ መሞከር ሲወድቁ ስኪው ከእግር እንዳይለቅ ማድረግ ነው፤ ጅማትም የሚበጠሰው እንዲህ ሲሆን ነው። የስኪዎቹን ሥዕልና ስም በፕላስተር ሸፈንን።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ጠዋት የረጋው በረዶ በፀሐይ እየላላ ስለሚሄድ በኋላ የተሞከረው ስኪ ሁልጊዜ በሌላ መሬት ላይ ይሞከራል። ስለዚህ አንደኛውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ እንደገና አንደኛውን ወሰድን። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መውረድ መካከል ያየነው ልዩነት የስኪው ሊሆን አይችልም፤ የአመዳዩና የድካማችን ነው። ያንን ቀንሰን የቀረውን ብቻ ለሁለተኛው ስኪ ሰጠነው። በአንዱ ቁልቁለት ላይ በእያንዳንዱ ስኪ ሦስት ነገር አደረግን፦ በዝግታ አጫጭር መዞር፣ በመካከለኛ ፍጥነት በጠርዝ መቅረጽ፣ ከጥግ ባለው አንጸባራቂ በረዶ ላይ አንድ ረጅም መሻገር። ወንበር ማጓጓዣው ላይ ሳንነጋገር ለየብቻ ጻፍን። መነጋገር ሁለት መሣሪያን አንድ ያደርጋል።

ሰፊው ስኪ በረዶውን ያዘ። ትናንት የጻፍነውን ሰረዝን። ሆኖም ሁለታችንም «የውጪኛው ጉልበት ይሠራል» ብለን መጻፋችን የቶርኩን ስሌት አስታወሰን። ከሰዓት በኋላ አመዳዩ ሲላላና ሲቆለል ተራው ተገለበጠ፤ ጠባቡ እየሰመጠ ሲያዘግም ሰፊው ከላይ ከላይ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ወገቡ 84 የሆነ፣ ቲታናል ያለበት ስኪ ጨመርን። እዚህ ላይ ማስታወሻዎቻችን ተለያዩ። አንዳችን 84 ኪሎ ግራም ስንመዝን ሌላችን 58 እንመዝናለን። ከባዱ «ረጋ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ» ብሎ ሲጽፍ ቀላሉ «አይጎብጥም፣ መዞር ሲጀምር ይዘገያል» አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ሳንቃ ለማጎበጥ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ነው፤ የምናቀርበው ኃይል ግን የተለያየ ነው። ቀላሉ በዚያው ወገብ በርዝመቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚያጥር፣ ብረት የሌለበትን ስኪ አስመጥቶ በማግሥቱ ከከባዱ ስኪ ጋር በዚያው ቅደም ተከተል ሞከረ። ቀሪዎቹን ቀናት ሁለታችንም በ84 ሚሊ ሜትር ወገብ አሳለፍን፤ አንዳችን ቲታናል ባለው፣ አንዳችን በሌለው።