ራስ በራስ የሚዳቀሉ ዕፀዋት እንደ ፖፑሌሽን፡ የሮበርት አላርድ የምርምር ሕይወትና ለነባር ዝርያዎች ጥናት ያለው ፋይዳ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የዕፀዋት ፖፑሌሽን ጄኔቲክስን መሠረት ከጣሉት ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑትን የሮበርት አላርድን (እ.ኤ.አ. 1919–2003) ሳይንሳዊ ሥራ ይቃኛል። አላርድ ካቆዩልን ነገር ሁሉ የላቀው አንድን ፖፑሌሽን በተከታታይ ትውልዶች የመከታተል ስልት ነው የሚል መከራከሪያም ያቀርባል። ለዚህም በገብስና በሲናር ላይ ያካሄዷቸውን ጥናቶች የማስረጃ ጥንካሬ ያነጻጽራል። በመጨረሻም ስልቱ በኢትዮጵያ የጂን ባንክ የተጠበቁትን ነባር ዝርያዎች ለማጥናት እንዴት ሊያገለግል እንደሚችል ያመለክታል።

መግቢያ

ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ በአመዛኙ ራስ በራስ የሚዳቀሉ ሰብሎች ናቸው። የአንዱ አበባ ብናኝ የዚያኑ አበባ እንቁላል ስለሚያዳብር ከሌላ ተክል ጋር የሚደረገው ድቀላ ጥቂት ነው። ፍጹም በሆነ ራስ በራስ ድቀላ የሄትሮዛይጎት ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ10 ትውልድ በኋላም ከመነሻው መጠን የሚቀረው 1/1024 ብቻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰፍኖ የነበረው አመለካከት ከዚህ ስሌት የመነጨ ነበር። በአመለካከቱ መሠረት እንዲህ ያለ ዝርያ የንጹሓን መስመሮች ድብልቅ ከመሆን አያልፍም፤ የዝግመተ ለውጥ አቅሙም እጅግ ውስን ነው።

አላርድ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያዋሉት ይህንን አመለካከት በመረጃ ለመፈተን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1941 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1946 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያው በ1946 ወደ ዴቪስ ተመልሰው የአደንጓሬ ዘመድ በሆነው በሊማ ማሻሻል ሥራ ተሰማሩ። በ1960 የታተመው የዕፀዋት ማሻሻል መርሆዎችን የሚያስተምረው መጽሐፋቸው ለብዙ ዓመታት በዘርፉ ዋና ማስተማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የገብሱ ፖፑሌሽን፡ የትውልዶች መዝገብ

የአላርድ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው እርሳቸው ካልፈጠሩት ቁስ ነው። በ1923 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ገብስ የሰበሰቡት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ ሃሪ ሃርላን ከባልደረባቸው ከሜሪ ማርቲኒ ጋር በመሆን 28 የገብስ ዝርያዎችን በሚቻለው ጥምረት ሁሉ፣ ማለትም በ378 ጥንዶች፣ አዳቀሉ። ዘሩን በመቀላቀልም ሁለተኛው ጥምር ድቃል የሚባለውን ፖፑሌሽን መሠረቱ። ይህና ሌሎች መሰል ፖፑሌሽኖች በዴቪስ በየዓመቱ እየተዘሩ በጅምላ ታጨዱ፤ ከታጨደውም የሚቀጥለው ዓመት ዘር ይወሰዳል። አንድም ተክል ሆን ተብሎ አይመረጥም። ከተለያዩ ትውልዶች የተወሰደ ዘር ተጠብቆ በመቆየቱ ተመራማሪው የቀደመውንና የኋለኛውን ትውልድ ጎን ለጎን የመመርመር ዕድል አገኘ።

አላርድ በ1960 ከሱቦድ ጄይን ጋር ያሳተሙት ጥናት በዝግ የገብስ ፖፑሌሽን ውስጥ ሄትሮዛይጎቶች ከድቀላ ሥርዓቱ በመነሣት ከሚጠበቀው በላይ እንደሚገኙ አሳየ። ደራሲዎቹ ይህንን የሄትሮዛይጎት ብልጫ ማስረጃ አድርገው ተረጎሙት። የኢንዛይም ኤሌክትሮፎሬሲስ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ከአንድ ጂን ወደ ጂኖች ጥምረት ተሸጋገረ። በ1972 ከማይክል ክሌግና ከአሌክስ ካህለር ጋር ያወጡት ጽሑፍ የምርጦሽ አሃዱ በእርግጥ ጂን መሆኑን በርእሱ ጠየቀ። በሁለት የገብስ ፖፑሌሽኖች ውስጥ የኤስተሬዝ ኢንዛይም አሊሎች በትውልዶች ሂደት በተናጠል ሳይሆን በተያያዘ መልኩ ተለዋውጠው ነበር።

የዚህ ውጤት ትርጉም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ራስ በራስ በሚዳቀል ተክል ሄትሮዛይጎት ጥቂት ስለሆነ በክሮሞዞሞች መካከል የሚደረገው የጂን ልውውጥ ውጤታማነት ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ሥፍራ ላይ የሚሠራ ምርጦሽ ሌሎች ሥፍራዎችንም አብሮ ሊጎትት ይችላል። የተያያዘ ለውጥ መታየቱ ብቻውን ጂኖቹ እርስ በርስ ተስማምተው ለመሥራታቸው ማረጋገጫ አይሆንም። ሆኖም የንጹሓን መስመሮች ድብልቅ ብቻ ተብሎ የታሰበው ፖፑሌሽን በግልጽ እየተለወጠ መሆኑ ታይቷል፤ ለውጡም የታየው የትውልዶቹ ቅደም ተከተል በተጨባጭ ስለሚታወቅ ነው።

ቀጭኑ ሲናር፡ በአንድ ወቅት የተወሰደ ናሙና

ሁለተኛው ታዋቂ ሥራ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ወደ ካሊፎርኒያ በገባው ቀጭን የዱር ሲናር ላይ ያተኮረ ነው። በኢትዮጵያ የገብስ ማሳ ውስጥ አብሮ የሚበቅለው ሲናር የዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው። አላርድ፣ ክሌግና ጄምስ ሃምሪክ በ1972 ባወጧቸው ጥናቶች በደረቅ አካባቢ የሚገኙ ተክሎች አንድ ዓይነት የአሊሎች ስብስብ፣ በእርጥበታማ አካባቢ የሚገኙት ደግሞ ሌላ ስብስብ እንደሚይዙ አሳዩ። ይኸው ልዩነት በአንድ ኮረብታ ገጽ ላይ እንኳ ተስተዋለ። ውጤቱም ለአካባቢ የመላመድ ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተጠቀሰ።

ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የደረቁን ዓይነት በእርጥቡ ቦታ፣ የእርጥቡንም በደረቁ በመዝራት ሲፈትኑ፣ እያንዳንዱ ዓይነት በየራሱ ቦታ ይልቃል የሚለው ግምት አልተረጋገጠም። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። ተክሉ ከሌላ አገር የመጣና ራስ በራስ የሚዳቀል በመሆኑ፣ መጀመሪያ የደረሱት ጥቂት መስመሮች አሰፋፈር ራሱ ከአየር ንብረት ጋር የሚዛመድ ሥርጭት ሊፈጥር ይችላል። በገብሱ የቀደመው ትውልድ ዘር በእጅ ነበር፤ በሲናሩ ግን ተመራማሪዎቹ የተመለከቱት የሂደቱን ውጤት እንጂ ሂደቱን አልነበረም።

ከግኝት ወደ ጥበቃ

አላርድ ከአንቶኒ ብራድሾው ጋር በ1964 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ዝርያ ተለዋዋጭ ሁኔታን የሚቋቋምባቸውን ሁለት መንገዶች ለይተዋል። አንዱ እያንዳንዱ ተክል በራሱ ያለው የመቋቋም ችሎታ ነው። ሌላው ልዩ ልዩ ዓይነቶች በአንድነት በመዘራታቸው የሚገኝ የፖፑሌሽን ችሎታ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር አንዱ፣ በሽታ ሲነሣ ሌላው ምርቱን ይደግፋል። የኢትዮጵያ አርሶ አደር ነባር ዝርያዎች በሁለተኛው መንገድ የሚገለጹ ናቸው። የዚህ ብዝኃነት ዋጋ በዚያው በዴቪስ ታይቷል፤ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ገብስ ሲፈተሽ የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስን የሚቋቋሙት ዓይነቶች በአመዛኙ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሆነው ተገኙ።

በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል የሆነው የጂን ባንክ ከየአካባቢው የተሰበሰበ ዘር ይዟል። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ማሳ ላይም መጠበቅ እንዳለበት ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ለሥራቸውም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ከአላርድ ሥራ አንጻር ሲታይ ሁለቱ የጥበቃ መንገዶች አንዱ ለሌላው መለኪያ ይሆናሉ። በባንክ ያለው ዘር የቀደመው ትውልድ ነው፤ በማሳ ያለው ደግሞ ምርጦሽ ሲሠራበት የቆየው የኋለኛው ትውልድ ነው።

ንጽጽሩ ግን ሦስት ጥንቃቄዎችን ይሻል። አንደኛ፣ የዴቪሱ ፖፑሌሽን ዝግ ሲሆን የአርሶ አደሩ ዘር በገበያ፣ በብድርና በስጦታ ይዘዋወራል። ስለዚህ የዛሬው ዘር በእርግጥ የቀድሞው ዝርያ መሆኑ በሞለኪውላዊ ጠቋሚዎች ሊረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ በባንክ የሚቀመጥ ዘር የመብቀል አቅሙ ሲቀንስ እንደገና ይዘራል፤ በጥቂት ተክሎች የሚደረግ እድሳት ራሱ የአሊሎችን ድርሻ ሊለውጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ናሙናው ከተቀላቀለ ዘር ሳይሆን ከነጠላ ተክሎች መወሰድ አለበት፤ አለበለዚያ የጂኖች ጥምረት ሊለካ አይችልም።

ማጠቃለያ

የአላርድ የምርምር ሕይወት ራስ በራስ የሚዳቀል ተክል ሕያው ፖፑሌሽን መሆኑን አስገንዝቧል። ሁለቱ ጥናቶች ሲነጻጸሩም ከአካባቢ ጋር የሚታይ ዝምድና መላ ምት ለማቅረብ እንጂ መላመድን ለማረጋገጥ በቂ እንዳልሆነ ይታያል። ስለሆነም በነባር ዝርያዎች ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ከየወረዳው አዲስ ናሙና ሰብስቦ ልዩነትን በመቁጠር ብቻ ባይወሰኑ ይመረጣል። ከዚያው ወረዳ ቀድሞ የተሰበሰበውን የባንክ ዘር ከአዲሱ ጋር በመጀመሪያ በአንድ ማሳ ለአንድ ወቅት አባዝቶ የማከማቻ ቆይታን ተጽዕኖ መቀነስ፣ ቀጥሎም ሁለቱን በመነሻ ወረዳቸውና ከዚያ በተለየ የአየር ንብረት ጎን ለጎን መዝራት በአንድ የማስተርስ ጥናት ዘመን ሊከናወን የሚችል ንድፍ ነው።