ጦቢያና ኤልሳቤጥ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ከአባቶች ሲወርድ የመጣ ነው። በጎሮ ሳስተምር አንዲት ልጅ የሒሳቡን ጥያቄ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ መለሰች፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪም ይህንኑ ተረት ወረወረባት። ልጆቹ ሣቁ፤ እርስዋም ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን እጅዋን አላነሣችም። እኔ ልጁን ገሠጽሁት እንጂ ለእርስዋ የሚበቃ መልስ በአፌ አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ታሪክ ፈልጌ በክፍል ነገርኋቸው።

አንደኛው የገዛ ቋንቋችን ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት፥ በኋላም «ጦቢያ» የተባለው መጽሐፍ፥ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። በዚህ መጽሐፍ የምትደነቀው አንዲት ልጃገረድ ናት። መንታ ወንድምዋ ዋህድ ከቤት ወጥቶ በቀረ ጊዜ፥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋራ ልትፈልገው ወጣች። ከብዙ መከራም በኋላ አረማዊው ንጉሥ ክርስትና ተነሥቶ አገባት።

የእንግሊዙ ባለቅኔ ሼክስፒርም ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት አስቀድሞ ፖርሺያ የምትባለውን ሴት እንዲሁ የወንድ ልብስ አልብሶ ከፍርድ አደባባይ አቁሟታል። አበዳሪው በውሉ መሠረት ከባለዕዳው ገላ ሥጋ ልቍረጥ ባለ ጊዜ፥ ሥጋውን ቍረጥ፥ ውሉ ግን ደም አይልምና አንዲት ጠብታ እንዳታፈስስ ብላ ክሱን አፈረሰችበት።

እንግዲህ ሴት የወንድ ልብስ ካልለበሰች የሚሰማት የለምን? ለዚህ የሚመልስልን ሁለተኛው ታሪክ ነው።

ጄን ኦስተን የምትባል እንግሊዛዊት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1813 ባሳተመችው መጽሐፍ ኤልሳቤጥ ቤኔት የምትባል ልጅ አለች። አባትዋ አምስት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ርስቱም ለወንድ ዘመድ እንዲያልፍ የታሰረ ነበር። (በእኛ አገር በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ትወርስ ነበርና፥ በዚህስ አባቶቻችን ከእንግሊዞች ይሻሉ ነበር።) ወራሹ ኮሊንስ ካህን ነው፤ ነገር ግን ከእግዚአብሔር ይልቅ ደብር የሰጠችውን እመቤት ካትሪንን የሚፈራ ይመስላል። ይህ ሰው ኤልሳቤጥን ላግባሽ አላት፤ እርስዋም አይሆንም አለችው። እርሱ ግን የጨዋ ልጅ ልማድ ነው ብሎ እንቢታዋን እንደ እሺታ ቈጠረው። ከልብዋ የምትናገር ባለ አእምሮ ፍጥረት መሆንዋን ደጋግማ ነገረችው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አባትዋ የሞተ ቀን ቤቱ የኮሊንስ ነውና እናትዋም እኅቶችዋም ከደጅ ሊወድቁ ይችሉ ነበር።

እኔ ግን የምወድዳት ስለ አንደበትዋ ብቻ አይደለም። ዳርሲ የሚባል ባለጸጋ በአንድ ጭፈራ ላይ ስለ ናቃት፥ በእርሱ ላይ የሚነገረውን ክፉ ሁሉ አመነች፤ አግቢኝ ብሎ በለመናት ጊዜም በጽኑ ቃል መለሰችው። በማግስቱ እውነቱን ጽፎ ሰጣት። ደብዳቤውን መላልሳ አነበበች፤ በማስተዋልዋ ትመካ የነበረች ልጅ በራስዋ ላይ ፈረደች፤ ማንም ሳያስገድዳት አፈረች። ስንቱ ሊቅ ይህን ይችላል?

ያፈረች ሁሉ ዝም ትላለች ብሎ የጠበቀ አንባቢ ግን ይታለላል። የዳርሲ አክስት ያችው እመቤት ካትሪን በሠረገላ መጥታ፥ የእኅቴን ልጅ እንዳታገቢ ቃል ስጪኝ ባለቻት ጊዜ፥ ኤልሳቤጥ እርሱም የጨዋ ልጅ ነው፥ እኔም የጨዋ ልጅ ነኝ ብላ ባዶ እጅዋን ሰደደቻት። ዳርሲም ይህን ሰምቶ ተስፋ አደረገ፤ ተመልሶም ሁለተኛ ለመናት፤ ያን ጊዜ እሺ አለችው።

ይህን ነግሬ ስጨርስ ያው ተማሪ ተነሣና፦ «የኔታ፥ ጦቢያም አገባች፥ ኤልሳቤጥም አገባች። እነሆ በወንድ አለቀ፤ ተረቱ እውነት ነው» አለ። ልጆቹ እንደ ገና ሣቁ። እኔም መልስ ሳስብ፥ ያች ልጅ እጅዋን አነሣች።

«ንጉሡ ሃይማኖቱን ለወጠ፤ ዳርሲም ሁለት ጊዜ ለመነ» አለችው። «እስቲ ንገረን፥ በማን ነው ያለቀው?»